ክላክስ አድርጌያለሁ እኮ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሐዋሳ ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን። ቤት ለቤት እየዞረ ስለሚሠራ የመሣሪያ ሣጥኑን ከሞተር ሳይክሉ ኋላ አስሮ፣ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ከተማዋን ሲያካልል ነው የሚውለው። ስሙን ዳንጊሶ እንበለው።

ዳንጊሶ አንድ ጠባይ ነበረው። መንገድ ላይ የወደቀ እንስሳ አይቶ ማለፍ አይችልም። አንድ ዓይኗ የጠፋ ድመት ነዳጅ ማደያ ጓሮ አግኝቶ ቤቱ አምጥቷል። አንድ ጊዜማ እግሩ የቆሰለ አባ ኮዳ ከሐይቁ ዳር ታቅፎ መጣ። አባ ኮዳን ታውቁት የለም? ያ መላጣ ረጅም ወፍ! ግቢ በገባ በነጋታው የሚስቱን ዓሣ ከነጭንቅላቱ ዋጠው። ሚስቱ ታደለች «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች። ዳንጊሶ ትንሽ አሰበበት ይባላል፤ ከዚያ ወፉን መለሰው።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ አደባባዩ ጋ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ክላክሱን ያንባርቃል። ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን ሲያሰግግ፣ መሐል አስፋልት ላይ አንድ ቡችላ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ያካል። ሚኒባሱ ይጮኻል፤ ባጃጁ ይጮኻል፤ ከኋላ የቆመው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ቡችላው ጆሮውን ያካል። ዳንጊሶ ሞተሩን አግድም አቁሞ ወረደና ቡችላውን አንሥቶ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። «አቤት ልብ! እንዲህ ያለ ጀግና አይቼ አላውቅም» እያለ ቤቱ ወሰደው።

ጀግና ነው ብሎ ወሰደው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቡችላው አደገ። ቦቢ አሉት፤ ዞር አላለም። ጃክ አሉት፤ ዞር አላለም። ታደለች «ምናልባት የፈረንጅ ስም አልወደደ ይሆናል» ብላ መቻል አለችው፤ ወይ ፍንክች! ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ ውሻ ኩራተኛ ነው» ብሎ ደመደመ።

ከሁሉ የባሰው የበሩ ነገር ነበር። ውሻው የሚተኛው ሞተሩ የሚገባበት በር ላይ ነው። ዳንጊሶ ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ ክላክስ ያደርጋል፤ ውሻው ተኝቷል። እንደገና ያደርጋል፤ ተኝቷል። በስተመጨረሻ ጎማው አጠገቡ ሲደርስ ብቻ ብድግ ይልና፣ ዳንጊሶን ገና አሁን እንዳየው ሁሉ፣ ጭራውን እየቆላ በደስታ ይዘልበታል። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? ሰነፍ ነው? እልኸኛ ነው? ወይስ ሰውየውን ንቆታል?

እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገብቶ የተሰጣውን ልብስ ሰብስቦ ወጣ። ውሻው ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ያን ቀን የታደለች ትዕግሥት አለቀ።

«ስጠራው አይመጣ፤ ተነሣ ስለው አይነሣ፤ ሌባ ሲገባ አይጮኽ። እኔ የማበላው ውሻ ነው ወይስ አልጋ ወራሽ?» አለች።

ወንድሟ አሸዋ የሚያመላልስ አይሱዙ ይነዳል። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ውሻውን ጭኖ፣ ከከተማ ራቅ አድርጎ አስፋልት ዳር እንዲያወርደው ተነጋገሩ። ያስቸገረ ውሻ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚሸኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን አንገት መድፋት አያስፈልግም። ዳንጊሶም ቅር አለው፤ ግን በሩ ላይ መጨቃጨቁ ሰልችቶት ነበርና እሺ አለ።

የዚያ ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳንጊሶ ከሥራ ሲመለስ ከፊቱ ጭድ የጫነ ጋሪ ያዘግማል፤ በቀኙ ክዳን የሌለው ቦይ አለ። ከኋላው አንድ ሚኒባስ እየከነፈ መጣና ክላክስ አደረገ። አደረገና ምን አደረገ? ፍጥነት ቀነሰ? አልቀነሰም። ሰውየው ወዴት ሊሄድ ነው ብሎ አየ? አላየም። በዚያው ፍጥነት ታክኮት ሲያልፍ ስፖኪዮው የዳንጊሶን ክንድ መታው፤ ዳንጊሶ ከነሞተሩ፣ ከነሣጥኑ ቦይ ውስጥ ገባ።

ሹፌሩ ቆመ። መቆሙን እናመስግንለት፤ የማይቆምም አለ። በመስኮት ብቅ አለና፣ «ፋዘር፣ ክላክስ አድርጌያለሁ እኮ! አትሰማም እንዴ?» አለ።

ረዳቱ «ደጋግሞ ነው ያደረገው» አለ። ተሳፋሪዎቹ «እውነት ነው፣ አድርጓል» አሉ። ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እያዩ ሁሉም ስለ ክላክሱ መሰከሩ። ይህ አይገርማችሁም?

ዳንጊሶ ሄልሜቱን አወለቀ። «ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ሰምቼስ ወዴት ልሂድልህ?»

ሹፌሩ ቦዩን አየ፤ ጋሪውን አየ። «እንጃ፤ እኔ ግን አድርጌያለሁ» አለና ነዳ።

ዳንጊሶ ጉልበቱ እየደማ፣ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ቤቱ ደረሰ። በሩ ላይ ማን ተኝቷል? ያው እሱ። ክላክስ አደረገ። ዝም። እጁን ክላክሱ ላይ ተጭኖ ቆየ። ዝም። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ንዴት ገንፍሎበት፣ «አንተ! ክላክስ አድርጌያለሁ እኮ! አትሰማም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ጮኸና የገዛ ድምፁን ሰማ። ቃል በቃል የሹፌሩ ንግግር ነው። እጁን ከክላክሱ ላይ አነሣ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ጥያቄ ብልጭ ያለበት። እስከ ዛሬ «አትሰማም እንዴ?» ሲል የኖረው ለስድብ ነው እንጂ ጠይቆ አልነበረም። አሁን ግን ጠየቀ። የምሬን፣ አይሰማ ይሆን እንዴ?

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከሣጥኑ ትልቁን መፍቻ አውጥቶ፣ ከውሻው ጀርባ ቆሞ፣ የቆርቆሮ በሩን ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ድመቷ ተፈናጥራ አጥር ላይ ወጣች። ታደለች «ምን ወደቀ?» እያለች ከማድ ቤት ሮጠች። ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ዳንጊሶ ጠጋ ብሎ መሬቱን በእግሩ ረገጠ ረገጠ አደረገ። ንዝረቱ ሲደርሰው ውሻው ወዲያው ብድግ አለ። ጌታውን አየ። ጭራውን ቆላ።

«ታደለች፣ ይሄ ውሻ ስሙን ጠልቶ አይደለም» አለ።

ታደለች አላመነችም። ድስትና ክዳን አምጥታ ከኋላው አጋጨች፤ ምንም የለም። ከዚያ ፊቱ መጥታ በእጇ ጠራችው፤ እየሮጠ መጣና ቀሚሷ ውስጥ ገባ። እዚያው ቁጭ አለችና አለቀሰች። «ነገ አስፋልት ዳር ልናወርደው ነበር እኮ። ይሄን የማይሰማ ፍጥረት፣ እዚያ መኪና መሐል!»

ዳንጊሶ ያ አደባባይ ትዝ አለው። ያ ቡችላ ጀግና አልነበረም። ያ ሁሉ ክላክስ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ አንዱም እሱ ዘንድ አልደረሰም። ያዳነው የጮኸለት አልነበረም፤ ሞተሩን አቁሞ የወረደለት ነበር። ዳንጊሶም ያን ቀን ወርዶ ነበር። ቤቱ ካስገባው በኋላ ነው መውረዱን ትቶ ክላክስ የጀመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድምየው መጣ። ታደለች ቁርሱን አቀረበችለት፤ ውሻውን ሲጠይቃት «አሸዋህን ጫን» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ዳንጊሶ በሩ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ መሬቱን ይረግጣል፣ ውሻው ይነሣል፣ ተያይዘው ይገባሉ። ታደለች አንድ ቀን «ሁልጊዜ እየወረድህ ልትኖር ነው?» አለችው።

«ምን ላድርግ? እሱ መስማት አይችል። እኔ ግን መውረድ እችላለሁ» አላት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በመካከላችን ሹፌር አለ? እጅ አታውጡ፤ እናውቃችኋለን። መሪ ጨብጣችሁ ለማታውቁት ከሆነ ግን አትሣቁ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ልጃችሁ ከመንገድ ወጣ። «ነግሬዋለሁ እኮ» አላችሁ። እኅታችሁ ከጉባኤ ቀረች። «ደውዬላት ነበር፣ አላነሣችም» አላችሁ። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ተኳረፋችሁ፤ እሱም «ተናግሬያለሁ» ይላል፣ እሷም «ተናግሬያለሁ» ትላለች። ሁላችንም ክላክስ አድርገናል። ምስክርም አለን። ግን ማናችን ፍጥነት ቀነስን? ማናችን ወርደን አየን?

ያ የምትጮኹበት ሰው ምናልባት ጭራሽ አይሰማችሁም። የታመመ ነገር አለው፤ የተዘጋ ነገር አለው፤ እናንተ ግን ኩራተኛ ብላችሁታል። ወይም ደግሞ በደንብ ይሰማችኋል፤ ነገር ግን በዚህ ቦይ፣ በዚያ ጋሪ ነው። «ሰምቼስ ወዴት ልሂድላችሁ?» እያለ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ከላይ ሆኖ አይታወቅም።

ጌታችንን አስቡት። ከሰማይ ሆኖ ጠራን። ነቢያትን ልኮ ጠራን፤ ዞር አላልንም። በስንት ስም ጠራን፤ ዞር አላልንም። «ነግሬያቸዋለሁ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ እውነትም ነግሮን ነበር። እሱ ግን ምን አደረገ? ወረደ። እኛ በተኛንበት መሬት ላይ በእግሩ ቆመ። የተነሣነውም ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ። በራችሁ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስንት ዓመት ጮኻችሁበታል፤ አልተነሣም። ምናልባትም ቅዳሜ የሚሸኝበትን መኪና ጠርታችሁለት ይሆናል። ዛሬ በሩ ጋ ስትደርሱ፣ እጃችሁ እንደለመደው ወደ ክላክሱ ሲሄድ፣ ሞተሩን አጥፉና ውረዱ።