ያልተመታው ከበሮ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ፣ «ጎረቤቴን ተቀይሜዋለሁ፤ ክፉ ቢያገኘው እኔ ምን አገባኝ?» ብሎ ለጠየቃቸው ገበሬ።

ሰውዬው በምዕራብ አፍሪካ፣ ከኮረብታ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ይኖር ነበር። በዚያ አገር በበጋ የእርሻውን ሣር በእሳት ያጸዳሉ። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ከበሮ ይመታል፤ ጎረቤት መንደሮችም ሰምተው እሳቱ እንዳይሻገር ድንበራቸውን ይጠርጋሉ። ከበሮውም እሳቱም በዚህ ሰው እጅ ነበሩ። ሌላም ልማድ አላቸው፤ አንድ መንደር ዘሩን ራሱ ዘንድ አያስቀምጥም፣ ለጎረቤት መንደር አደራ ይሰጣል እንጂ። የራበው ሰው የራሱን ዘር ይበላል፣ የሰው አደራ ግን አይነካም።

ሰውዬው በግጦሽ ሰበብ ከታችኛው መንደር ሰዎች ጋር ተጣልቶ፣ ስድባቸው ከሆዱ አልወጣ ብሎት ነበር። ያን ዓመት ከበሮውን ሳይመታ እሳቱን ለኮሰ። «ዓይን ካላቸው ጢሱን ይዩት» አለ። ነፋሱ ወደ ታች ዞረ። የታችኛው መንደር ጣሪያ ሲጤስ አይቶ ፈገግ አለ። ቂም ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ፣ «ዘራችን የት ነው ያለው?» አለችው።

የእነሱ መንደር ዘር ሁሉ በአደራ ያለው እዚያው እሳቱ ውስጥ ነው። ቁልቁል ሮጠ።

ሲደርስ ቤቶቹ ተቃጥለዋል፤ የሰዎቹ ቀለብ ከነጎተራው ዐመድ ሆኗል። ሜዳው ላይ ግን ዘር የሞላባቸው ቅርጫቶች ተደርድረዋል። የእሱ መንደር ዘር ነበር። አንዲት ባልቴት የተቃጠሉ እጆቿን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«መጣህ ልጄ? ዘራችሁን ተረከበን» አለችው። «አደራ ነውና አስቀድመን አወጣነው። የራሳችንን ለማውጣት አልደረስንም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ከበሮህን ግን ምን አገኘው? ተቀደደብህ እንዴ?»

ባልቴቷ የጠረጠረችው ከበሮውን ነው፤ ሰውዬውን መጠርጠር በልቧም አልመጣም።

መምህሩ ወደ ገበሬው ዞሩ። «ያ ከበሮ መቺ አንተ ነህ፣ ልጄ። ዘርህ ጎረቤትህ ቤት እንዳለ ረስተሃል። እሱ ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር። ‹ሰላም ካለኝ ሰነበተ፤ ታሞ ይሆን እንዴ? ጸልዩለት› ብሎኝ ሄደ።»