የጋሽ ላቀው ላዳ የግራ በር

ተረት የሚወድ ጠጋ ይበል፤ በር ፍለጋ የወጣ ሰው ነገር ነው።

ጋሽ ላቀው የሚባል ባለ ታክሲ ነበር። ነገ ልጁን እመቤትን ይድራል። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ ባሳደገኝ ላዳ ካልሆነ ከቤት አልወጣም» ብላ አስምላዋለች። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሚኒባስ የላዳውን የኋላ ግራ በር ገጭቶ ጎድጓዳ ሳህን አደረገው! ጋሽ ላቀው የተገጨውን በር ነቅሎ ጣሪያው ላይ አሰረና አቻውን ፍለጋ አሮጌ መለዋወጫ ተራ ሄደ።

የቶዮታ በር ሞልቷል፣ የፔጆ በር ሞልቷል። የላዳ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተራው ዘበኛ የአባ ቱፋ ቤት በር ሆኗል።

«አባባ፣ በርዎን ይስጡኝ፤ የኔን ይውሰዱ።»

«የጎደጎደ በር ምን ይዘጋልኛል? ቆርቆሮ አምጣና ውሰድ» አሉ አባ ቱፋ።

ቆርቆሮ ያለው አሮጌ ሞተር ሻጩ ሐጂ ሙዘይን ዘንድ ነው።

«ሐጂ፣ ቆርቆሮዎን! ቆርቆሮ ከሌለ ዘበኛው በር አይሰጡም፣ በር ከሌለ ልጄ ከቤት አትወጣም።»

«ሞተሮቼን ዝናብ ይምታቸው? ሸራ አምጣ» አሉ ሐጂ።

ሸራ ያላት ሻይ ሻጯ ሙሉነሽ ናት።

«ሙሉዬ፣ ሸራሽን! ሸራ ከሌለ ሐጂ ቆርቆሮ አይሰጡም፣ ቆርቆሮ ከሌለ ዘበኛው በር አይሰጡም፣ በር ከሌለ ልጄ ከቤት አትወጣም።»

«ሻዬ ውስጥ ይዝነብ ነው የሚሉኝ? የጎሚስታውን ትልቅ ጃንጥላ ያምጡልኝ» አለች።

ጎሚስታው ከሊፋ ጎማ ይለጥፋል። ጋሽ ላቀው እያለከለከ ደረሰ፤ ዝናቡም አብሮት ደረሰ።

«ከሊፋ ወንድሜ፣ ጃንጥላህን! ጃንጥላ ከሌለ ሙሉነሽ ሸራ አትሰጥም፣ ሸራ ከሌለ ሐጂ ቆርቆሮ አይሰጡም፣ ቆርቆሮ ከሌለ ዘበኛው በር አይሰጡም፣ በር ከሌለ ልጄ፣ ልጄ…» ትንፋሽ አጠረው።

«ጃንጥላውንስ ይውሰዱት ጋሼ፣ እኔ ከውሃ ጋር ነው የምኖረው። ግን ገንዳዬ ተሰነጠቀ፤ ጎማው የቱ ጋ እንደሚተነፍስ በምን ልይ? ውሃ የሚይዝ ነገር ያምጡልኝ።»

ጋሽ ላቀው ተስፋ ቆረጠ። ለልጁ ምን ብሎ ይነግራታል? ዝናቡ ሲያባራ ወደ ላዳው ተመለሰና ያንን የተረገመ በር ሊጥለው ገመዱን ፈታ። በሩ ዘንበል ሲል የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ ዷ ብሎ አናቱ ላይ ወረደ!

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ከሊፋ ከጎማዎቹ መሃል፤ «እሱን ነው የምልዎት!»

በሩን አጋድመው ውሃ ሞሉት። ጎማ ሲነክሩበት ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከሊፋ ጃንጥላውን ሰጠ፣ ሙሉነሽ ጃንጥላውን ተቀብላ ሸራዋን ሰጠች፣ ሐጂ ሸራውን ተቀብለው ቆርቆሮውን ሰጡ፣ አባ ቱፋ ቆርቆሮውን ተቀብለው በሩን ሰጡ፤ በሩም ላዳው ላይ ልክክ አለ።

በማግስቱ የሙሽራዋ እህቶች እንደ ወጉ ደጅ ዘግተው ሙሽራውን አስለመኑት። በስንት ልመና እመቤት ወጥታ ላዳው ውስጥ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ሙሽራው ሊከተላት ሲል፣ አባ ቱፋ በሩ ላይ በነጭ ቀለም የጻፉት ገና አልጠፋም ነበርና አነበበው፦ «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው።»

ሙሽራው አማቱን አየ። ጋሽ ላቀው መሪውን እንደያዘ በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመው። ሙሽራው አንኳኳ።

«ማነው?» አለች እመቤት ከውስጥ።

ጋሽ ላቀው ሳቀ፤ ሲስቅም ዕንባው መጣ። ላዳው ሙሽሮቹን ይዞ ጡሩምባውን እየነፋ ሄደ፣ እኔም ከመንገዱ ዞር አልኩላቸው።