እግር አጣቢው ፊታውራሪ

በከተማው አዳራሽ ያላቸው ፊታውራሪ አንበርብር ብቻ ነበሩ። የከተማው ወጣቶች ድሮ ታይቶ የቀረውን የጌታና የባሪያ ቴአትር እንደገና ለማሳየት አዳራሹን ቢለምኗቸው፣ «ጌታውን እኔ ከሆንኩ» ብለው ፈቀዱ። ለባሪያው ደግሞ፣ «ጥላሸት መቀባት ምን ያስፈልጋል?» ብለው መልኩ ጠቆር ያለውን ውሃ ቀጂያቸውን ራሳቸው መረጡ።

ፊታውራሪ ጌታው የሚሳደብባቸውን ገጾች ወደዷቸውና በቃላቸው ያዟቸው፤ መጨረሻውን ግን አላነበቡትም። ስለዚህ ጌታው በመጨረሻ ተንበርክኮ የባሪያውን እግር እንደሚያጥብ ያወቁት በልምምዱ መሐል፣ ሳፋው ቀርቦ ውሃ ቀጂው ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው ነው።

በቁጣ ነደዱ።

«እኔ! የዚህን እግር! በሉ ቴአትሩን ገልብጡት፤ እሱ የኔን ይጠብ! አለዚያ አዳራሼን እዘጋለሁ!»

ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ውሃ ቀጂው ግን ከወንበሩ ሳይነሳ እንዲህ አለ፦

«እሺ ጌታዬ፣ እግርዎን እኔ ልጠብ። ግን ባሪያ የጌታውን እግር ሲያጥብማ አገሩ ሁሉ በየቤቱ በነጻ ያየዋል፤ ለዚህ ብሎ ማን ትኬት ይቆርጣል?»