ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት

አንዲት ሴት በአንድ ከተማ ስታዲየም ውስጥ የሣር ማጨጃ መኪና ሹፌር ነበረች። ስሟ እማዋይሽ ነው። መኪናው ተቀምጠው የሚነዱት፣ ሲሄድ ሥሩ ያለውን ሣር የሚያጭድ ዓይነት ነው። አርጅቷል፤ እሷም ልጅ አይደለችም። ወንበሩ ተቀድዶ ስፖንጁ ወጥቷል፣ ኮፈኑ ከመዛጉ የተነሳ ድሮ ምን ቀለም እንደነበረው የሚያስታውስ የለም። ቢሆንም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስትቀሰቅሰው ሳያስለምን ይነሳል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ በተቀደደ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

አንድ ሰኞ የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ አቶ ይርዳው ሠራተኞቹን ሰበሰበ። "እሑድ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዝገት የሚባል ነገር ዓይኔ እንዳያይ!" አለ። ማክሰኞ ቀለም ቀቢ መጣ። በሩ ተቀባ፣ የመንገዱ ጠርዝ ተቀባ፣ የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር ኖራ ተለቀለቀ። ማጨጃ መኪናውም ተራው ደርሶ አረንጓዴ ሆነ። ቀቢው ሥራ የሚያድበሰብስ ሰው አልነበረም፤ ቡሎኖቹን እየፈታ ሥር ሥራቸውን ሁሉ ቀብቶ መልሶ አሰራቸው። ሲጨርስ መኪናው ለሠርግ የተዘጋጀ መሰለ። አቶ ይርዳው ደስ ስላለው ኮፈኑ ላይ በገዛ እጁ ወረቀት ለጠፈ፦ "አዲስ ቀለም፤ መንካት ክልክል ነው።"

ረቡዕ ጠዋት እማዋይሽ ቁልፉን አዞረች። መኪናው "ጣ" አለና ዝም አለ። ደግማ አዞረች። አሁንም "ጣ" ብቻ።

"ምን አደረጉት?" አለ አቶ ይርዳው እየሮጠ መጥቶ።

"ምንም አላደረግሁትም። ሰኞ ሲሠራ ነው የዋለው። ማክሰኞ ግን..."

"ማክሰኞን ይተዉት እባክዎ! ማክሰኞማ ቆሞ ነው የዋለው!"

ባለሙያ ተጠራ። የመጀመሪያው ባትሪውን ለወጠ፤ ጣ። ሁለተኛው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለወጠ፤ ጣ። ሦስተኛው ፊውዙንም ካንዴላውንም ለወጠ፤ አሁንም ያው ጣ። ሦስቱም መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ "ስንት ዓመቱ ነው?" ዕድሜውን ሲሰሙ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው የቆመችውን ሴት ግን አንዱም አልጠየቃትም። "አርጅቷል፣ በቃው" ብለው ሄዱ። እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ለእሷ የተባለ ያህል ከፋት።

ዓርብ አቶ ይርዳው ውሳኔውን ተናገረ። "ነገ ጠዋት የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው መጥቶ ይወስደዋል። ሣሩን የቀን ሠራተኞች በማጭድ ያጭዱታል። እርስዎም ወይዘሮ እማዋይሽ፣ መኪና ከሌለ ሹፌር ምን ያደርግልናል? ደብዳቤዎን ከጽሕፈት ቤት ይውሰዱ።"

እማዋይሽ መኪናው የቆመበት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ገብታ አለቀሰች። ልቅሶው ሲወጣላት ዓይኗን ጠረገችና መኪናውን ማየት ጀመረች። መንካት ነው እንጂ የተከለከለው፣ ማየት ክልክል ነው የሚል ወረቀት አልተለጠፈም። ከባትሪው የሚወጣውን ቀዩን ሽቦ በዓይኗ እየተከተለች ሄደች፤ ደህና ነው። ጥቁሩን ተከተለች። ጫፉ ከወንበሩ ሥር በቡሎን ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል። ጎንበስ ብላ አየችው። በሽቦው ጫፍና በብረቱ መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነገር አለ። ያ የማክሰኞ ቀለም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የነጋዴው የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። ሸካሚዎች ማጨጃውን በአራቱም ማዕዘን ያዙት። እማዋይሽ ሮጣ ፊታቸው ቆመች።

"አቶ ይርዳው፣ ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ይስጡኝና ትንሽ ቀለም ልፋቅ።"

"ለእንግዳ የተቀባውን ቀለም?"

"ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ይህ ጥቁር ሽቦ ነው። ባዶ ብረት መንካት ሲገባው ቀለም ላይ ተቀምጧል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።"

"ሦስት ባለሙያ ያላየውን እርስዎ አዩት?"

"እነሱ ያረጀውን ነው የፈለጉት። እኔ አዲስ የሆነውን ፈለግሁ።"

አቶ ይርዳው ፊቱ ተለዋወጠ። "አይፋቅም ብያለሁ! አንሱት!" አለ።

"ሙሉውን ሊያቀልጡት አሳልፈው እየሰጡ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ቀለም ይሰስቱብኛል?"

ሸካሚዎቹ እጃቸውን ለቀቁ። ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቅቶት "እውነቷን እኮ ነው፤ እኔ እጠብቃለሁ፣ ትሞክረው" አለ። አቶ ይርዳው እጁን አወናጨፈና ዞር አለ። ያንን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት።

እማዋይሽ ቡሎኑን ፈታች፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው፤ ሽቦውን መልሳ አጥብቃ አሰረች። ወንበሯ ላይ ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጓራ! ሸካሚዎቹ አጨበጨቡ፣ በር ላይ የነበሩ የጽዳት ሠራተኞች እልል አሉ። እሷም ቀጥ ብላ ወደ ሜዳው ገባች።

ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። መኪናው ሜዳው መሐል ሲደርስ አሳለው፣ ተንገጫገጨ፣ ጠፋ። እልልታውም አብሮ ጠፋ።

"አላልኳችሁም!" አለ አቶ ይርዳው። "አርጅቷል ስንላት!"

እማዋይሽ ከወንበሩ አልወረደችም። ሰኞ ያልነበረ ዛሬ ያለ ምንድን ነው ብላ እንደገና ዙሪያዋን ቃኘች። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳንም አረንጓዴ ነው። ስትከፍተው "ፉፍፍ" ብሎ አየር ሳበ። ያኔ በረጅሙ ሳቀች። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት አቧራዋን ስትጠርግላት የኖረችው እሷ ናት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ጎበዙ ቀቢ ቀዳዳዋንም አልማራትም ነበር።

ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ቀዳዳዋን ከፈተች፣ መርፌ ቁልፏን ወደ ቦታዋ መለሰች፣ ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ በኋላ የጠፋው ራሷ ስታጠፋው ነው። እኩለ ቀን አልፎ ከወንበሯ ስትወርድ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር የተላጨ ራስ መስሎ ነበር። ነጋዴው ባዶ መኪናውን እያስነሳ "ከሃያ ዓመት በኋላ ጥሩኝ!" ብሎ ጮኸና ሄደ።

ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፍቶ መጣ። "እትዬ፣ ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አንተማ አብዝተህ ሠራህ እንጂ መቼ አጠፋህ? የማይቀባው የቱ እንደሆነ የነገረህ ሰው አልነበረም። እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም።"

አቶ ይርዳው ይህን ሰምቶ ወደ መኪናው ቀረበ። ኮፈኑ ላይ የለጠፈውን ወረቀት በገዛ እጁ አንስቶ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። "ረቡዕ ዕለት ስለ ማክሰኞ ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር። አላስጨረስኩዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደብዳቤውንም እቀድደዋለሁ።"

"ቀለሙ እኮ ያምራል" አለች እማዋይሽ። "ቦታ ይምረጥ ነው ያልኩት።"

እሑድ እንግዶቹ መጡ። ሜዳውን አይተው ተደነቁ፤ ማን እንዳጨደውም ጠየቁ። አቶ ይርዳው እማዋይሽን ከኋላ ጠርቶ ከፊት አቆማት። ከወንበሩ ሥር የተፋቀችውን ቦታ ግን አንድም እንግዳ አላያትም።

ይህን ታሪክ ከነገረኝ ሰው ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ማታ ግን ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ከተጣላን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ በስልክ "ደህና ነህ?"፣ "ደህና ነኝ" እንባባላለን፣ ድምፃችን ያምራል፣ ሰው ቢሰማን ይቀናብናል። በመካከላችን ግን ምንም አያልፍም። በማግስቱ ደውዬ "አስቀይመኸኝ ነበር፤ እኔም አስቀይሜሃለሁ" አልኩት። ከዚያ ወንድሜ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ከልባችን አወራን።

ትምህርቱ እንግዲህ ይኸው ነው። ማሳመር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብረት ብረትን የሚነካበት ቦታና አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይቀባም። ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ወዳጅነትም እንዲሁ ነው። አንድ ነገር እምቢ ሲላችሁ "አርጅቷል" ከማለታችሁ በፊት በቅርቡ ምን እንደቀባችሁት አስቡ፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የኖረችውንም ጠይቁ።

ለመሆኑ የእናንተ ማክሰኞ መቼ ነበር?