ስልሳ እርምጃ ቦይ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነበረ፤ ሚስት ነበረችው፤ ሞተችበት።

አዳሙ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። መጀመሪያ ግን ይህን ሰው ስማልኝ።

ሚስቱ ስትሞት ሁለት ነገር ተወችለት። አንዷ የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው ናት። ሌላው ከመታመሟ በፊት በጓሮ የዘራችው የሽንኩርት መደብ ነው። ዘሩ በቅሎ ችግኝ ሆኗል። ልጂቱ በየጠዋቱ በጣሳ ታጠጣዋለች። ችግኝ ግን በጣሳ ውሃ ሽንኩርት አይሆንም። ወደ ማሳ መዛወር አለበት፤ ማሳው ደግሞ የወንዝ ውሃ ይፈልጋል።

የዚያ አገር ገበሬዎች አንድ ወንዝ ጠልፈው በተራ ያጠጣሉ። ተራውን የሚያከፋፍለው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። ሕጉ አጭር ነው። ውሃው በሚለቀቅበት ቀን እያንዳንዱ ሰው ወደ ማሳው የሚያስገባውን ቦይ ጠርጎ ይጠብቃል። ቦዩ ተደፍኖ የተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ በጋው እስኪያልቅም ውሃ አያይም።

የሰውየው ቦይ ስልሳ እርምጃ ይረዝማል። ክረምቱ ከዳር እስከ ዳር ደለል ሞልቶበታል። ውሃው ሊለቀቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ሰውየው ከቀብሩ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ አልጋው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ እዚያ በደቦ ነው የሚሠራው። ደቦ የሚጠራ ሰው ደግሞ ጠላ ይጠምቃል። ጠላውን ትጠምቅ የነበረችው ሚስቱ ናት። «በባዶ ማድጋ ሰው አልጠራም» አለና ተኛ። ጎረቤቶቹም ሳይጠሩ አልመጡም። ሳይጠሩ ለሰው ሥራ መውጣት «የዚህ ሰው ቤት ፈርሷል» ብሎ እንደ ማወጅ ይቆጠራል። እሱ አፍሮ፣ እነሱ እሱን አክብረው፣ ቦዩ እንደ ተደፈነ ቆየ። በደጁ የሚያልፍ ሁሉ ግን «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። «አሜን» ይላል ከአልጋው ሳይነሣ።

በዚህ መሀል የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር እሱ ዘንድ ገባች። እሱንም ልጂቱንም አየች። ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ከፈተችለት።

«ልቡ ለከበደው ሰው የተዘጋጀ ትምህርት ነው። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።»

«እኅቴ፣ ሚስቴ ስልክ ውስጥ የለችም።»

«አዎ፣ የለችም። አሥር ደቂቃ ግን አለህ። የታችኛውን ቤት አይቼ ስመለስ ጨርሰህ ጠብቀኝ። ይህ ካልበቃህ ሐኪም ዘንድ እኔ ራሴ እወስድሃለሁ።»

እንድትተወው ብሎ ጀመረው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይላል። የከፋው ሰው ፍላጎቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል። ከዚያ ጥያቄ መጣ።

«ድሮ ትሠራው የነበረ፣ አሁን የተውከው ምንድን ነው?»

«ቦይ መጥረግ» ብሎ ጻፈ።

«ከዚያ ውስጥ ልብህ ባይፈልግም ዛሬ ልትሠራው የምትችለው ትንሹ ስንት ነው?»

ሊያፌዝበት ፈለገ። «አንድ እርምጃ» ብሎ ጻፈ።

«መቼ?»

«ልጄ ምሳዋን ስትበላ።»

«ምን ሊያግድህ ይችላል? ያን ጊዜስ ምን ታደርጋለህ?»

«አልጋዬ ያግደኛል። አካፋውን በእኔ ቦታ አስተኛዋለሁ» ብሎ ጻፈ።

መጨረሻ ላይ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቀው። አነበበው። ልጂቱ ሰማች። ትምህርቱ በዚህ አለቀ።

በምሳ ሰዓት ወጣ፤ አንድ እርምጃ ጠረገ፤ ተመልሶ ተኛ። ምንም አልተሰማውም። እጁ ብቻ ተላጠ። በማግስቱ ጠዋት ሲነሣ፣ ተመልሶ እንዳይተኛ አካፋውን በእሱ ቦታ አልጋው ላይ አጋደመው። በሁለተኛው ቀን እንደ ፊተኛው አንድ እርምጃ ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው አልተነሣም። ምሳ ሲደርስ ልጂቱ ሳህኗን ይዛ መጥታ ከራስጌው ቆመች።

«አባዬ፣ ልበላ ነው።»

«ብዪ።»

«አካፋው አልጋው ላይ የለም።»

«ዛሬ ይቅር።»

«እንግዲያው እኔም ይቅርብኝ።»

ተነሣ። በዚያ ቀን ሁለት እርምጃ ጠረገ፤ ልጂቱ ቀስ ብላ ነው የምትበላው። በማግስቱ ሦስት ጠረገ።

በአምስተኛው ቀን አንድ ጎረቤቱ መቆፈሪያ ተሸክሞ ሲያልፍ ቦዩ ውስጥ አገኘውና ቆመ።

«ብቻህን ነው?»

«ብቻዬን።»

«በዚህ አካሄድህ ከውሃው የልጅህ ሠርግ ይቀድማል።»

«ለሠርጉም ውሃ ያስፈልጋል።»

ጎረቤቱ ሳቀ። ሲሰናበት እንደ ለመደው «እግዜር ያጥናህ» ሊል አፉን ከፈተ። አካፋውን አየ። የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

«እግዜር ያበርታህ» አለው።

ይህ በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ሰውየው ከቀብሩ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። ጎረቤቱ ጥቂት ከራቀ በኋላ «አብሮ ያበርታን» ብሎ ጮኸለት። በዚያ ቀን ሰባት እርምጃ ጠረገ።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ብቻ መውጣቱ ቀረ። ውሃው ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሃምሳ ሁለት እርምጃ ተጠርጎ ነበር። የቀረው ስምንቱ ከዋናው ቦይ ጋር የሚገናኘው አፉ ነው። ደለሉ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ እንደ ግድግዳ ደርቋል። አንድ ሰው በአንድ ቀን አይጨርሰውም።

ሰውየው አካፋውን አስቀመጠ። ከዚያ የዚያ አገር ሰው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። በየቤቱ እየዞረ ያለ ጠላ ደቦ ጠራ።

«ጠላ የለኝም» አለ በየደጁ። «ቆሎና ውሃ አለ። ነገ ማለዳ ስምንት እርምጃ ቦይ አለኝ። ብትወጡልኝ።»

ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ አሥራ አራት ሰው ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ አገኘ። እነዚያ ሰዎች ከአንድ ወር በላይ ጥሪውን ሲጠብቁ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ተረበኛ ቦዩን አይቶ፣

«ለስምንት እርምጃ ነው አንድ ወር የተኛኸው?» አለው።

«አይደለም» አለ ሰውየው። «ስምንት የሆነው ከተነሣሁ በኋላ ነው።»

ሳቁ ቁልቁል እስከ ወንዙ ተሰማ። ፀሐይ ሳትከር ደለሉን ጨረሱት። የውሃ አባት ዱላውን ይዞ መጣ። ስልሳውን እርምጃ አንድ በአንድ ተራመደ፤ መሬቱን በዱላው እየወጋ አየ። ማሳው ዳር ሲደርስ ዞረና «ልቀቁለት» አለ።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ቡናማው ግንባሩ፣ ገለባ እየገፋ። ልጂቱ ጣሳዋን ይዛ ከጎኑ ሮጠች። ማሳው ጋ ቀድማ ደርሳ ጣሳዋን ነከረች፤ ሞልቶ ወጣ፤ በራሷ ላይ ገለበጠችው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰውየው አለቀሰ። እያለቀሰም የማሳውን በር በአካፋው ከፈተ። ያን ዓመት ሚስቱ የዘራችው ሽንኩርት ማሳውን ሞላው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አዳሙ። እናትህን ከቀበርን ወዲህ የስፌት መኪናህን አልገለጥካትም። ጓደኛህ አንድ ትምህርት በስልክ ላከልህ፤ አልከፈትከውም። «የአሥር ደቂቃ ነገር ይህን ሁሉ ሐዘን ምን ያደርገዋል?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

ሐዘኑን ምንም አያደርገውም። ሰውየው ሚስቱን አላገኘም። ደለሉ ሐዘንህ ነው፤ ሕይወትህ ውሃው ነው፤ ወንዙ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ስልኩ ውሃ አይደለም፤ አካፋም አይደለም። «ትንሹ ስንት ነው? መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅህ ነው። እኛ ይህን አልጠየቅንህም። «ያጥናህ» ስንልህ ነው የከረምነው። የሰውየው ስሕተት ስልሳውን እርምጃ በአንድ ቀን፣ በጠላ፣ በሙሉ ደስታ ካልሆነ አልጀምርም ማለቱ ነበር። የአንተ አንድ እርምጃ ምናልባት አንድ ቁልፍ መትከል ነው። አንዱን ትከልና ተመልሰህ ተኛ።

ይህን የምልህ ከሩቅ ቆሜ አይደለም። እኔም እንደዚያ ሰው ብቻዬን ልጅ አሳድጋለሁ።

ነገ በምሳ ሰዓት በደጅህ አልፋለሁ። ሁለቱንም ሰላምታ አውቃለሁ። የትኛውን እንደምሰጥህ አንተ ትወስናለህ።