ዳስ የተጣለላቸው ጀልባዎች

የወደቡ ሹም የኔታ ዘንድ መጣ። «ለጦር ቀን ያቆየናቸው የጭነት መርከቦች በየሦስት ወሩ ባዷቸውን ባሕር ወጥተው ይመለሳሉ። ጦር የለ፣ ጭነት የለ። ቆመው ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?» አላቸው።

የኔታ መለሱ፦

አንድ ሰው ነበረ። በሐይቅ ዳር ለጦር ቀን የተሠሩ አሥር የእንጨት ጀልባዎች ይጠብቅ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ወታደሮች የሰፈሩበት ምሽግ አለ፤ እዚያ የጭስ ምልክት የሚያነድደው የጠባቂው ታናሽ ወንድም ነው። ጠባቂው ጀልባዎቹን በየወሩ ውኃ ላይ ያሰነብታቸው ነበር፤ ሳንቃ ውኃ ሲጠግብ አብጦ ይገጥማል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ክፍተት ይፈጥራልና።

አዲስ አገረ ገዥ ተሾመ። «የጦር ጀልባ ክብር አለው፤ በሰላም ቀን አይነካም» አለ። ጀልባዎቹን ከውኃ አስወጥቶ ቀለም አስቀባቸው፤ ዳስም አስጣለላቸው።

በዓመቱ ጠባቂው ገዥውን ወደ ዳሱ ጠርቶ በሁለት ሳንቃዎች መካከል ጣቱን አሳለፈ። «ይመልከቱ ጌታዬ! ማዶ ሰው አለን።»

«ጣትህ ነው የከሳው» አለ ገዥው። «ቀለብ ጨምሩለት!» አጃቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ጦር መጣ። ምሽጉ ተከበበ፤ እህል ማለቁን የሚናገረው ጭስ ከማዶ ተነሣ። አሥሩም ጀልባዎች እህል ተጭነው ወረዱ፤ ድንጋይ ቢወረውሩ ከሚደርስበት ሳያልፉ ውኃ ሞላቸው።

«ምን ጉድ ነው!» አለ ገዥው። «ዳስ ውስጥ ሳሉ እኮ አንዲት ጠብታ አላስገቡም!»

ጠባቂው ክንዱን ይዞ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ጎተተው። «እዚህ ቁም!» አለው፤ ጌታዬ ማለት ቀረ። «ሳንቃው እስኪያብጥ ሦስት ቀን ይፈጃል። አንተም ጭሱን እያየህ ጠብቅ!»

በአራተኛው ቀን ጀልባዎቹ ጠብታ ሳያስገቡ ተንሳፈፉ። ጭሱ ግን በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ ነበር።

የኔታ ወደ ሹሙ ዞሩ። «ገዥው አንተ ነህ፣ ልጄ። ቆሞ የከረመ ሞተር ነጋሪት ስለተመታ አይነሣም፤ ከባሕር የራቀ መርከበኛም በአዋጅ አይሠለጥንም። ያንን ሦስት ቀን አንተ በሰላም ካልሰጠህ፣ ማዶ ያለው ሰው በነፍሱ ይሰጠዋል። አሁን ተነሥ! መርከቦችህ ባሕር ሳይወጡ ደጄን እንዳትረግጥ።»