የአዳሞ ቡናና የጎረቤቱ ብሳና

አንድ ጠርጣራ የቡና ገበሬ ነበር፤ አዳሞ ይባላል። ጎረቤቱ ሰላም ሲለው እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ሲመክሩት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ብሎ አፍ ያስይዛል።

አንድ ክረምት የቡናው ቅጠል ጥላሸት የመሰለ ነጠብጣብ አውጥቶ ይረግፍ ጀመር። አዳሞ ልቡ ቆሰለ። ቀና ሲል፣ ድንበሩ ላይ የቆመው የጎረቤቱ የቆጭቶ ብሳናም ያንኑ ነጠብጣብ አውጥቷል። ብሳናው ላይ የቆጭቶ ቀፎዎች ተሰቅለዋል፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያ ማር ነው። አዳሞ ምን ገዶት! «በሽታውን ያመጣብኝ ይሄ ዛፍ ነው፤ ይቆረጥ» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹም የዕፅዋት በሽታ የምታጠናውን ዶክተር ምንትዋብን አስጠሩ።

እሷም የሁለቱን ቅጠል በማይክሮስኮፕ አየች።

«አንድ ናቸው አይደል?» አላት አዳሞ ቸኩሎ።

«መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ፈንገስ ነው። ግን አባቴ፣ ፈንገስ በመልኩ ብቻ አይለይም። የማይዛመዱት ይመሳሰላሉ፣ የአንድ ቤት ልጆች ደግሞ አይመሳሰሉም። ዘረመሉን ላቦራቶሪ ወስጄ ልየው። እስከዚያ ዛፉን አይንኩት።»

አዳሞ በቅርቡ ከተከላቸው የቡና ችግኞችም ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ቀጥፋ ሄደች።

«ወይ ጉድ! ቆጭቶ ማሩን አልሷታል» አለ አዳሞ በሆዱ። ቆጭቶ ገበያ የወጣ ዕለት ገጀራውን ይዞ ሄደና የብሳናውን ቅርፊት ዙሪያውን ላጠው። ዛፉ ደረቀ፤ ንቦቹም ቀፎውን ጥለው ኮበለሉ። ቆጭቶ አይቶ ዝም አለ። አዳሞ ዝምታውንም ጠረጠረው።

ዶክተሯ ተመልሳ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረች፦ «የብሳናው ፈንገስ ከብሳና በቀር ሌላ ተክል ላይ አያድርም። ቡናውን የያዘው ችግኞቹ ላይ ያለው ነው። ችግኝ ላይ ቢጫ፣ ባደገ ቡና ላይ ጥቁር ይሁን እንጂ ዘረመሉ አንድ ነው። አባቴ፣ ችግኙን ከየት አመጡት?»

ቆጭቶ በአዳሞ ፈንታ መለሰ፦ «ከሩቅ ገበያ ነው። እኔማ በጉርብትና ወግ ከራሴ የችግኝ መደብ ነቅዬ ሰጥቼው ነበር። በሽታ ሊያስገባብኝ ነው ብሎ መለሰልኝ።»

አዳሞ ቆጭቶ እግር ላይ ወደቀ። ቆጭቶም አነሳው። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን አዳሞ፣ ንቦቼን በምን አፌ ልጥራቸው?» አለው።

ወገኖቼ፣ መጠርጠር ብቻውን ክፉ አይደለም። ዶክተሯም ጠርጥራለች፤ የጠረጠረችው ግን የገዛ ዓይኗን ነው፤ ስለዚህ ሳታጣራ አልፈረደችም። አዳሞ ከራሱ በቀር ያልጠረጠረው ሰው አልነበረም። እኛስ መልኩን ብቻ አይተን የፈረድንበት ስንት ሰው አለ?